የፎገራ ትምህርት ቤቶች በዓመቱ ወራት

ፎገራ ከጣና ባሕር በስተምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው። በአማራ ክልል በደቡብ ጐንደር ዞን የሚገኝ ወረዳ ሲሆን ዋና ከተማው ወረታ ይባላል፤ የሜዳውም ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ይህንን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። በበጋ ያያቸው ሰው ልጅ የሚሻገራቸው ጅረቶች ይመስሉታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን የደጋውን ውሃና አፈር ተሸክመው ሲወርዱ ከዳራቸው አልፈው በሜዳው ላይ ይተኛሉ። ባላገሩ ይህንን ውሃ ይወደዋል፤ ይፈራዋልም። የሚወደው እርሻውን ስለሚያጠግብለት ነው፤ የሚፈራውም ቤቱንና ከብቱን ስለሚወስድበት ነው።

የዚህ አገር ትምህርት ቤቶች ነገር ከውሃው ተለይቶ ሊነገር አይቻልም። እንደ መንግሥት ደንብ ትምህርት በመስከረም ተከፍቶ በሰኔ ይዘጋል፤ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በጥር ያልቃል፤ ሁለተኛውም በየካቲት ይጀምራል። በወረቀት ላይ ሲያዩአቸው አሥሩ ወሮች እኩል ናቸው። በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ ግን እኩል አይደሉም። የዓመቱን መዝገብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገልጦ የሚመረምር መምህር፣ የቀሩት ልጆች ምልክት በቀኖቹ ሁሉ ላይ እንዳልተበተነ፣ በአንዳንድ ሳምንት ግን ተከማችቶ እንደሚገኝ ያስተውላል። ልጅ በቀረ ጊዜ «ሰነፍ ነው» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ዳሩ ግን ሰነፍ ብቻውን ይቀራል እንጂ የአንድ መንደር 20 ልጆች በአንድ ሳምንት አብረው አይሰንፉም። አብረው ሲቀሩ የጠራቸው አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያም ነገር በፎገራ አብዛኛውን ጊዜ ሩዝ ነው።

ሩዝ በፎገራ የጥንት እህል አይደለም። ሜዳው ክረምት ክረምት ውሃ ስለሚተኛበት ቀድሞ ባላገሩ ውሃው እስኪሸሽ ጠብቆ በቀረው እርጥበት ላይ ጓያና ሽምብራ ይዘራ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ርዳታ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች የኅብረት ማኅበራት ዘንድ የሩዝ እርሻ ተሞከረ። ሙከራውም ስለ ሰመረ ከማኅበራቱ ወደ እያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ተላለፈ፤ በአገሩ በሰፊው የታወቀው «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከጅግና ነው። ከዚህ በኋላ ውሃ የሚተኛበት መሬት፣ አስቀድሞ የተናቀው፣ ከሁሉ የተወደደ ሆነ። የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በፎገራ ተቋቋመ። የሩዙ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሲሆን፣ የሚተርፈው ለገበያ ይወጣል፤ የልጆቹም ደብተርና ልብስ የሚገዛው ከዚሁ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ሩዝ ልጅን ከትምህርት ቤት ያስቀራል ብሎ ብቻ መናገር ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚልከውም እርሱ ነውና።

ሥራው ግን ከባድ ነው። በሰኔ ይዘራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደጋግሞ ይታረማል፤ አረሙም ወደ መስከረም የሚዘልቅበት ጊዜ አለ። በጥቅምት ዘለላው ሲያዝ ወፍ ይመጣበታልና ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ይዘው ይጠብቃሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳው ይሆናል። የሜዳው ሩዝ ሁሉ ባንድ ሰሞን ስለሚደርስ ጎረቤት ለጎረቤት በወንፈል መድረስ ያቅተዋል፤ የቀን ሠራተኛ ዋጋም ይወደዳል። በዚህ ጊዜ ነዶ የሚሰበስብ፣ ለአጫጆች ውሃ የሚያቀብል፣ ከብቱንም ከክምር የሚመልስ ልጅ በገንዘብ የሚተመን ጉልበት ይሆናል። አባትየውም «ሩዙ ከረገፈ ልጁ ምን በልቶ ይማራል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የደንቆሮ ጥያቄ አይደለም፤ መልስ የሚገባው ነው።

መልሱን ከጥንቱ ትምህርት መፈለግ ይቻላል። የኔታ በዛፍ ጥላ ወይም በደጀ ሰላም ተቀምጠው ፊደልና ንባብ ሲያስተምሩ፣ ልጁ ማለዳ ተምሮ ቀን ከብት ይጠብቃል፤ ማታም ተመልሶ ቃል ይይዛል። ደቡብ ጐንደር ዙር አምባና ቤተልሔም የሚባሉት ስመ ጥር ጉባኤዎች ያሉበት አገር ስለ ሆነ፣ ትምህርቱን ከሥራው ሰዓት ጋር ማስማማት ለሽማግሎቹ እንግዳ ነገር አይደለም። በኋላም አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የተባለው ጣቢያ በየመንደሩ ሲከፈት፣ የመማሪያውን ሰዓት ከነዋሪው ጋር ተመካክሮ እንዲወስን የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። መደበኛው ትምህርት ቤት እንደዚያ ያለ ነጻነት ባይኖረውም እጁ የታሰረ አይደለም።

በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከሆነ፣ የአንድ ቤት ልጆች ሁሉ በአንድ ፈረቃ እንዳይመደቡ ማድረግ ይበጃል። ታላቁ በጧት ሲማር ታናሹ ከብቱን ይጠብቃል፤ ከቀትር በኋላም ይለዋወጣሉ፤ ቤቱም ያለ እጅ አይቀርም፤ ልጆቹም ያለ ትምህርት አይቀሩም። ይህንን ለማድረግ ምዝገባው በሚጻፍበት ቀን የወንድምና የእኅት ስም አጠገብ ለአጠገብ መጻፍ ብቻ ያስፈልጋል፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ሁለተኛም፣ ከባዱ ፈተና በአጨዳው ሳምንት እንዳይውል መጠንቀቅ ነው። በዚያን ሳምንት የተፈተነ ልጅ የሚመዘነው በእውቀቱ ሳይሆን በአባቱ ማሳ ስፋት ነው። ሦስተኛውን ነገር ሽማግሎች ከመምህራን ይልቅ ያውቁታል። በወሩ ውስጥ ባላገሩ ማጭድ የማይዝባቸው በዓላት አሉ፤ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔ ዓለም የመሳሰሉት ናቸው። በእነዚህ ቀኖች ማሳው ጸጥ ይላል። ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ሁለት ሰዓት ማካካሻ ትምህርት ቢሰጥ፣ ማንበብና መጻፍ በበዓል የተከለከለ ሥራ እንዳልሆነ ካህናቱ ራሳቸው ቢናገሩ፣ በኅዳር የጐደለው በኅዳር ሊሞላ ይችላል። በዚህ ቀን መምህሩም ከዕረፍቱ ሰዓት እንደሚከፍል መዘንጋት አይገባም፤ የወላጅ መምህር ኅብረቱም ነገሩን በዚህ ዐይን ማየት ይኖርበታል።

አጨዳው ራሱም ትምህርት ሊሆን ይችላል። በዚያ አገር ጥማድ የሚባለው የመሬት ልክ አብዛኛውን ጊዜ የሄክታር ሩብ ሆኖ ይቈጠራል። ተማሪው የአባቱን አውድማ ምርት በኩንታል ለክቶ እንዲያመጣ ቢታዘዝ፣ ከአንድ ጥማድ 10 ኩንታል የተገኘ እንደ ሆነ በሄክታር 40 ኩንታል መሆኑን በመጽሐፍ ካለው ምሳሌ ይልቅ ፈጥኖ ይረዳዋል። የጐረቤቱ ማሳ ለምን እንደ በለጠም ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ከተነሣ መምህሩ ስለ ዘር ምርጫ፣ ስለ አረምና ስለ አፈር ለማስተማር ልዩ ዝግጅት አያስፈልገውም።

ከሩዙ ቀጥሎ መዝገቡን የሚያጐድለው ወባ ነው። የክረምቱ ዝናብ ካቆመ ጀምሮ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ በየቦታው የቆመ ውሃ ስለሚቀር የወባ ትንኝ ትበዛለች። ኅዳር 12 ቀን በብዙ አገር ጥራጊ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድም በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ ይታወሳል። በዚህ ቀን ተማሪዎች ግቢያቸውን ጠርገው ማቃጠላቸው መልካም ነው። ነገር ግን የወባ ትንኝ የምትፈለፈለው በጥራጊ ክምር ውስጥ አይደለም፤ ፀሐይ በሚያገኘው በቆመ ውሃ፣ የከብት ኮቴ ባጐደጐደው ጥቂት ኵሬ ውስጥ እንኳ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ የጤና ክበብ በኅዳር 12 ቀን ለሚያደርገው ሥራ፣ ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ በግቢውና በመንገዱ ያሉትን ኵሬዎች መድፈንና ማፍሰስ ቢጨምርበት ጭሱ የማያደርሰውን ጥቅም ያገኛል። የሩዙን ማሳ ማድረቅ አይቻልም፤ እዚያ ለምትራባው ትንኝ መከላከያው አጎበር ነው፤ አጎበሩም ለሕፃናቱ መኝታ እንጂ ለእህል መሸፈኛ እንዳይሆን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ሌላም በሽታ አለ፤ ይህን መምህራን በተለይ ሊያውቁት ይገባል። ከፎገራና ከአጐራባቹ ከሊቦ ከምከም ጐልማሶች፣ ከእነርሱም ጋር ከፍ ያሉ ተማሪዎች፣ በክረምት ለሰሊጥ አረም፣ በመስከረምና በጥቅምትም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ ይወርዳሉ። በ1997 ዓ.ም. በእነዚህ በሁለቱ ወረዳዎች ካላዛር የሚባለው በሽታ ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞተ፤ ተመራማሪዎችም መነሻውን ከቆላ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር አያይዘውታል። በሽታው አሸዋ ዝንብ በምትባል ጥቃቅን ነፍሳት ንክሻ ይተላለፋል። ምልክቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቈይ ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳትና ጣፊያው አብጦ የግራ ጐን መነፋት ነው። የወባ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው፣ ከቆላ የተመለሰ ወይም ከቆላ የተመለሰ ሰው በቤቱ ያለ ልጅ ቢገኝ፣ መምህሩ «ይሻልሃል» ብሎ ሳይሸኘው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ አለበት። በሽታው በጊዜ ሕክምና ካገኘ ይድናል፤ ካላገኘ ግን ይገድላል።

እህሉ ከገባ በኋላ ጥር ይመጣል። የአገሩ ሁሉ ደስታ በዚህ ሰሞን ነው። ገናው በገና ጨዋታ፣ ጥምቀቱም በእልልታ ያልፋል፤ የደረቀው ሜዳ ለእግር ኳስና ለሩጫ ስለሚመች የየትምህርት ቤቱ ውድድርም የሚደምቀው በዚሁ ሰሞን ነው። ነገር ግን ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ የሠርግ ጊዜ ነው። በስም መጥሪያው ላይ በኅዳር የቀሩት ልጆች በጥር ይመለሳሉ፤ በጥርና በየካቲት የሚቀሩት ሴቶች ልጆች ግን ብዙዎቹ አይመለሱም። የወንዶቹ መቅረት በሳምንት ይቈጠራል፤ የእነዚህ ግን በዕድሜ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም፣ ወንድም ሆነ ሴት 18 ዓመት ሳይሞላው እንዳያገባ ከልክለዋል። ሕጉን የማያውቅ ሽማግሌ አሁን ጥቂት ነው። ችግሩ ዕድሜው ላይ ነው፤ «18 ሞልቷታል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የልደት ወረቀት ግን በገጠር ብዙ ልጆች የላቸውም። በዚህ ጊዜ የልጅቱን ዕድሜ የሚናገረው የትምህርት ቤቱ መዝገብ ነው። አንደኛ ክፍል በገባችበት ዓመት የተጻፈው ዕድሜ በሠርጓ ዓመት ምስክር ይሆናልና፣ ምዝገባ ሲደረግ ዕድሜን በግምት ሞልቶ ማለፍ ቀላል ጥፋት አይደለም። እናቲቱን «በየትኛው ክረምት ተወለደች? የጐርፉ ዓመት ነበረች ወይስ አልነበረችም?» ብሎ መጠየቅ ወደ እውነቱ ያቀርባል።

በአንዳንድ ትምህርት ቤት የሴት ተማሪዎች ክበብ ልጃገረዶቹ ራሳቸው በመካከላቸው የታጨችውን አስቀድመው ለመምህርት እንዲነግሩ ያደርጋል። ወሬው ከጥር በፊት፣ ማጫው ሳይከፈልና ድግሱ ሳይጠመቅ ከተሰማ ነገሩን መመለስ ይቻላል፤ ጠላው ከተጠነሰሰ በኋላ ግን አባት ከወጪውና ከጐረቤት ሐሜት ጋር ይታገላል። እዚህ ላይ ከመምህሩ ይልቅ የሽማግሌው ቃል ይበረታል። ልጅ ለመጠየቅ የሚላከው እርሱ ነው፤ «ስምንተኛን ትጨርስ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገር» ብሎ መልእክቱን ባይቀበል ሌላ ሰው በቀላሉ አይደፍረውም። በሸንጎ ፊት ሕግ ከመጥቀስ ይልቅ በመጀመሪያው ደጃፍ ላይ እምቢ ማለት ልጅቱን ፈጥኖ ያድናታል፤ ቤተ ዘመዱም አይቀያየምም።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ በርብና በጉማራ ዳር ሽንኵርት በመስኖ ይለማል፤ ፓምፑን የሚጠብቁና ሽንኵርቱን የሚነቅሉ ልጆችም ይቀራሉ፤ ይህ ግን ወንዝ ዳር ያሉትን ቀበሌዎች ብቻ የሚመለከት ስለ ሆነ በፈረቃ ይፈታል። በባሕሩ ዳር ያሉት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ሌላ ጠላት አላቸው። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም በጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የፎገራን፣ የደንቢያንና የጐንደር ዙሪያን ዳርቻ ሸፍኖ ዓሣ አጥማጁንና ከብት አጠጪውን አስጨንቋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አረሙን በእጅ ለመንቀል የአንድ ወር ዘመቻ ተደርጎ ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ተማሪዎችና መምህራን በዚህ ሥራ ተካፍለዋል። ልጆች በዚህ ዓይነት ሥራ ሲሰማሩ ወደ ጥልቁ ውሃ እንዳይገቡ፣ የተነቀለውም አረም ከዳርቻው ርቆ እንዲደርቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ውሃው አጠገብ የተጣለ እንደ ሆነ የሚቀጥለው ክረምት መልሶ ይወስደዋል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቈያል።

ይህ ሁሉ የሚነገረው ትምህርት ቤቱ ክፍት በሆነ ጊዜ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘግተው ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከትምህርት ተለይተዋል። ወቅት የሚያስቀረው ልጅ የሚመለስበት ቀን ይታወቃል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የቀረው ግን ቀን የለውም። ስለዚህ ትምህርት በተከፈተበት ስፍራ ሁሉ ከዕድሜያቸው የዘገዩትን ልጆች «አርጅተሃል» ብሎ መመለስ አይገባም፤ በፊት የተጻፈው መዝገብ ከተገኘ ያቆሙበትን ክፍል ከዚያ አይቶ መቀበል ነው።

በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ ይወርዳል። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ክልላዊ ፈተናቸውን የሚጠባበቁበት ጊዜ ስለ ሆነ ቤተ ሰቦች በሬ ከመጥመድ ቢያርፏቸው መልካም ነው፤ አብዛኞቹም ያርፏቸዋል፤ ፈተና ሲባል የማይከበር ቤት የለምና። የችግኝ ጣቢያ ያላቸው ትምህርት ቤቶች በዚሁ ሰሞን ችግኞቻቸውን ያዘጋጃሉ። በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ብዙ ሚሊዮን ችግኝ ከተተከለ ወዲህ የክረምት ተከላ በየትምህርት ቤቱ ልማድ ሆኗል። ፎገራ ግን ደጋ አይደለም። ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ የተተከለ ችግኝ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከፍ ባለው የግቢው ዳርና በተከመረ አፈር ላይ መትከል፣ ከቍጥሩም ይልቅ በሚቀጥለው ኅዳር ስንቱ እንደ ጸደቀ ለተማሪዎች ቈጥሮ ማሳየት ይሻላል። ይህን ቈጠራ የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች ጥቂቶች ናቸው።

በሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ አንድ ሥራ ይቀራል፤ እርሱም መዝገቡንና መጻሕፍቱን ከመሬት ማንሣት ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ በሺህ የሚቈጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምትም ጐርፉ ተመልሶ መጥቶ ነበር። እንደዚያ ባለ ጊዜ ወንበር ቢረጥብ ይደርቃል፤ የስም መጥሪያ መዝገብ ግን አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ካደረ የልጆቹ ዕድሜና ክፍል ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ መዝገቦቹን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ወደ ወረታ ወይም ከሜዳው ከፍ ባለ ቦታ ወዳለ ሰው ቤት ይልካቸዋል፤ ማን ዘንድ እንደ ተቀመጡም ለኅብረቱ ሰብሳቢ በጽሑፍ ያስታውቃል። መጻሕፍቱ በላይኛው መደርደሪያ ላይ ይወጣሉ። በጳጕሜን ምዝገባው ሲጀመር ከጐርፉ ባሻገር ያሉት ቀበሌዎች ልጆች መንገዱ ገና ስላልደረቀላቸው ይዘገያሉ፤ ለእነርሱም መስቀል እስኪያልፍ ድረስ ባዶ መስመር ይተውላቸዋል።